ጀርባ ለክብር እንግዳ አይሰጥም

በዚያ ጠዋት አሶሳ፣ ሜዳው ላይ የቆምነው እንዲህ ነበር። የክብር እንግዶቹ በቀርከሃ በተሠራው ዳስ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የበዓሉ ፕሮቶኮል ኃላፊ አቶ ግዛው ከዳሱ ማዕዘን ቆመው በየጊዜው ሰዓታቸውን ያያሉ። የትርኢቱ አዘጋጅ ጋሼ ወርቁ ከእሳቸው ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ሼህ ሐሚድና የዙምባራ መለከት ነፊዎቹ ከዳሱ ፊት ለፊት በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰልፈዋል። ትልቁን መለከት የያዘው በአንደኛው ጫፍ ነው፣ ትንሿን የያዘው በሌላው። ከእነሱ ኋላ፣ ለመከለያ ከተዘረጋው ገመድ ማዶ፣ ሕዝቡ ነበር። እኔ ከዳሱ በስተግራ የኖራ ጣሳዬን ይዤ ቆሜአለሁ። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። መስመር ይሁን ያሉት አቶ ግዛው ናቸው።

ይህን የምጽፈው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። መምህራኑ ትንሽ የመሸኛ ዝግጅት አድርገውልኝ ነበር። አንዲት ወጣት መምህርት፣ "እትዬ ሙሉ፣ ያን ሁሉ የግሪክ ቃል ከየት አመጡት? እኛን ኮሌጅ እንኳ አላስተማሩንም" ብላ በሰው ፊት ጠየቀችኝ። ንግግር ስለማልወድ "ከአንድ ሰው ነው" ብዬ አለፍኩት። ጥያቄው ግን ሲመላለስብኝ ከረመ።

በሰፈራው ዘመን ነው ከወሎ የመጣሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር በሰፈራ መንደራችን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመደብኩ። ከተማሪዎቼ የምቀድመው በአንድ ምዕራፍ ያህል ነበር። ባሌ በወባ ሞተ፤ ሁለት ልጆች ቀሩኝ። መንግሥት ተለውጦ ክልሉ ሲቋቋም ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ተጀመረ። ቢሮዎች በኪራይ ቤት ተከፈቱ። ዛሬ የትምህርት የነበረው ክፍል ነገ የጤና ይሆናል። ማታ የተሰናበትነው አለቃ ጠዋት ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቀናል። እኛን ሰፋሪዎቹን ማንም ሂዱ አላለንም፤ ቆዩ ያለንም አልነበረም።

በዚህ መሀል የበዓል ትርኢት የሚያዘጋጅ ክፍል ሰው ፈለገና ወደ አሶሳ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነበር። ሥራዬ የመድረክ ረዳት ይባላል። ልብስ እጠብቃለሁ፣ መጋረጃ እሰቅላለሁ፣ ቃል የጠፋበትን ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አስታውሳለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን ማን የት እንደሚቆም በኖራ መሬት ላይ ማመልከት ነበር። በዓሎቻችን በአዳራሽ አይደረጉም፤ አዳራሽ አልነበረንም።

የኖራ ሥራ ቀላል ይመስላል። ጣሳው ከሥሩ በምስማር ይበሳል፤ ደረቁን ኖራ ሞልቶ እየነቀነቁ መሄድ ነው። ከጉልበት በላይ ከፍ ካደረጉት ነፋስ ይወስደዋል። ጠል ሳይደርቅ ከተሰመረ ሣሩ ይይዘዋል፤ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ የተሰመረ ግን ገና ሰው ሳይረግጠው ይጠፋል። ክብ ለማስመር መሀል ላይ ችካል ይተከላል፣ ገመድ ይታሰራል፣ ከዚያ ገመዱን ወጥረው ወደ ኋላ እየተራመዱ ይዞራሉ። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ወርቁ ናቸው። "ገመዱ አይርገብ ሙሉ" ይሉኝ ነበር። "የረገበ ገመድ እንቁላል ነው የሚሠራው።"

ጋሼ ወርቁ ረጅም ዘመን እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ነበሩ። ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት ሁልጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። መጀመሪያ ተመልካች በሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ እየሄዱ ይቀመጣሉ። ወንበር ያለበት ወንበር ላይ፣ ሕፃናት የሚቀመጡበት መሬት ላይ፣ ሱሪያቸው አቧራ እስኪሆን። ቀጥሎ አንድ ቃል ያነሣሉ። "እስቲ ይህ ቃል አገሩ ደርሶ ይምጣ" ይላሉ።

"ድራማ" አሉ አንድ ቀን። "ግሪክኛ ነው። ማድረግ ማለት ነው። ማውራት አይደለም፤ ስለዚህ አሁን ወሬ አቁሙና አድርጉ።"

ሌላ ቀን ትራጄዲ የፍየል ዘፈን ማለት እንደሆነ ነገሩን። ከነፊዎቹ መሀል አልመሐዲ የሚባል ቀልደኛ ነበር።

"ፍየሉ ነው የሚዘፍነው ወይስ ለፍየሉ ነው የሚዘፈነው?"

"እርግጡን የሚያውቅ የለም። ሽልማቱ ፍየል ነበረ የሚሉ አሉ፤ ዘፋኞቹ የፍየል ቆዳ ይለብሱ ነበር የሚሉም አሉ።"

"ሽልማቱ ፍየል ከሆነማ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ግሪክ ነኝ!"

ከእንግሊዝኛው አልፈው ወደ አማርኛችንም ይመጡ ነበር። ጠረጴዛ የግሪክ ቃል ነው ሲሉን አላመንንም። አራት እግር ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ቅርንጫፉ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ የሰርከስ ዥዋዥዌ መጠሪያ ሆኗል አሉ። ቀለምም በየት በየት ዞሮ የመጣ የእነሱ ቃል ነው፤ መነሻው ሸምበቆ ነው አሉን። በሸምበቆ ይጽፉ ነበርና። ሼህ ሐሚድ ዙምባራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይሰማ ነበር። የነፊዎቹ አለቃ ነው፤ የሆሞሻ ሰው፣ የበርታ ሽማግሌ።

"ይሄ አዲስ ወሬ ነው?" አለ። "እኛ ልጅ ሆነን ቁርአን ቤት ስንቀራ ቀለም ሸምበቆ ነበረ። ከዚህ ከወንዙ ነው የምንቆርጠው። ግሪክ መጥቶ አልቆረጠልንም።"

ጋሼ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ።

አቶ ግዛውም አንዳንድ ጊዜ ልምምዱን ሊያዩ ይመጣሉ። ፕሮቶኮል ግሪክ መሆኑን ሲሰሙ፣ "ምን ማለት ነው ደግሞ?" አሉ።

"በጥቅል መጽሐፍ ፊት ላይ የሚለጠፈው የመጀመሪያው ገጽ ነው" አሏቸው ጋሼ ወርቁ።

"እንግዲያ ገብቶኛል። መጽሐፉ ሲቀደድ ቀድሞ የሚቀደደው እሱ ነዋ።"

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ሙሉ በሙሉ እየቀለዱ አልነበረም። ያን ጊዜ አለቆችም ከግምገማ ወደ ግምገማ የሚያድሩ ነበሩ።

ከሁሉም ቃላት ጋሼ ወርቁ አብዝተው የሚመለሱት ወደ ሦስቱ ነው። በዱላ መሬት ላይ ክብ ይሥላሉ። "ኦርኬስትራ ሲባል ሬዲዮ ላይ የምትሰሙት ሙዚቀኛ ይመስላችኋል። ለግሪኮቹ ሰው አልነበረም፤ መሬት ነበር። የሚጨፈርበት ክብ መሬት።" ከክቡ ኋላ ትንሽ አራት ማዕዘን ያደርጋሉ። "እንግሊዞች ሲን፣ ማለትም ትዕይንት፣ ያሉት ይህ ነው፤ መጀመሪያ ድንኳን ነበር፣ ልብስ የሚቀየርበት።" ከዚያ ክቡን የሚያቅፍ ትልቅ ቅስት ያሰምራሉ። "ቴአትር ደግሞ ይህ ነው። የማያ ቦታ። ቴአትር የተባለው የሚጫወተው ሰው ያለበት አይደለም፤ የሚያየው ያለበት ነው። ተመልካቹ በመሬቱ ቅርጽ ተቀመጠ እንጂ መሬቱ በተመልካቹ ቅርጽ አልተቆረጠም።"

ሼህ ሐሚድ ሥዕሉን በእግሩ ጣት እየጠቆመ፣ "ይሄ መሀል ያለው የኛ ነው" ይል ነበር።

እውነቱን ነው። ዙምባራ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ አለው። አንድ ሰው ብቻውን ዜማ ሊነፋ አይችልም። ዜማው የሚሠራው የአንዱ ድምፅ ሲያበቃ የሌላው ሲቀጥል፣ ተራው ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ነው። ስለዚህ ነፊዎቹ ክብ ሠርተው፣ እርስ በርስ እየተያዩ፣ ቀስ ብለው እየዞሩ ነው የሚነፉት። ሴቶቹ በዙሪያቸው ይጨፍራሉ።

ከበዓሉ አስቀድሞ በነበረው ቀን አቶ ግዛው ልምምዱን አዩና ክቡን አልወደዱትም።

"ግማሾቹ ጀርባቸውን ለክብር እንግዳ ሊሰጡ ነው?"

"ይዞራሉ እኮ" አሉ ጋሼ ወርቁ።

"ቢዞሩስ? ሁልጊዜ ጀርባው ለእንግዳው የሆነ ሰው አለ። እኔ ያደግሁበት ቤት ልጅ ከአባቱ ፊት ሲወጣ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው። ይህ ነውር ያልሆነበት አገር የት ነው? ነገ የሚጠየቀው ሐሚድ አይደለም፤ እኔ ነኝ። እርስዎም ነዎት።"

ጋሼ ወርቁ ወደ እኔ ዞረው፣ "መስመር አስምሪ ሙሉ" አሉኝ።

እንግዲህ በዚያ መስመር ላይ ነው የቆሙት። ሼህ ሐሚድ ምልክት ሰጠና ትልቁ መለከት ነፋ። ሁለተኛው መለሰ። ሦስተኛው ዘገየ። በጫፍና በጫፍ ያሉት አይተያዩም፤ አንገታቸውን አስግገው ተራቸውን በጆሮ ብቻ ሊይዙ ሞከሩ። ድምፆቹ ተጋጩ፤ ከዚያ ሁለቱ አብረው ዝም አሉ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ተጋጩ። ከገመዱ ማዶ ከሕዝቡ ሳቅ ተሰማ። የሳቁት የበርታ ሴቶች ናቸው፤ ዜማውን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ሼህ ሐሚድ የመለከቱን አፍ ወደ መሬት አወረደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አወረዱ።

የክብር እንግዳው ወደ ጎን ዘንበል ብለው፣ "አለቀ?" ሲሉ ሰማሁ። አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ። ጭብጨባው ከሳቁ የባሰ ነበር።

ነፊዎቹ የተዘጋጀላቸውን ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። ሼህ ሐሚድ ሲያልፍ አጠገቤ ቆመ። አስተማሪ ስለነበርኩ ኡስታዛ ይለኛል፤ በአማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

"ኡስታዛ፣ አንተ መሬቱን ታውቃለህ። ለምን እንደ ዱላ ቀጥ አደረግኸው?"

መልሱን እሱም ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ወርቁ ልምምድ ሲመጡ ቃል ማንሣት ተዉ። በየቦታው መቀመጡንም ተዉት። ክረምቱ ሳይገባ ለሥራው ጥቅም ሲባል ወደ ሩቁ ካማሺ ተዛወሩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። በጭነት መኪና ላይ ሲወጡ ገመዱንና ችካሉን ከከረጢታቸው አውጥተው ሰጡኝ። "አይርገብ" ብቻ አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ ሲቃረብ አቶ ግዛው ቢሮ ጠሩኝ። በሩን ዘጉት።

"የሠራተኛ ድልድል እየመጣ ነው። ታውቂያለሽ?"

"ሰምቻለሁ።"

"አንቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነሽ። የበርታ ቋንቋ አትችዪም። ዲግሪ ያላቸው በር ላይ ቆመዋል። እኔ ላቆይሽ እፈልጋለሁ፤ ግን ዘንድሮ አንድ ነገር ከተበላሸ አፌን ከፍቼ ስለ አንቺ መናገር አልችልም።"

"ምን ላድርግ?"

"ዙምባራውን አምጪ። ዙምባራ ከሌለ በዓሉ የማን ነው ብለው ይጠይቁናል። ጀርባ ግን ለክብር እንግዳ አይሰጥም። ሁለቱን አስታርቂልኝ።"

ወደ ሆሞሻ ሄድኩ። ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ የሚለው ሐሳብ ከመኪናው ጋር አብሮ ሲንገጫገጭ ደረስኩ። የሰፈራ መሬታችንን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ከአሶሳ ብወጣ የምገባበት ቤት የለኝም። ሼህ ሐሚድ ከቤቱ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። አልመሐዲም መጣ።

"እንደ አምናው ከሆነ አንመጣም" አለ ሼህ ሐሚድ። "በጠላት የተሳቀበት ሰው ይረሳዋል። በሚስቱ የተሳቀበት እራቱን በምን ፊቱ ይበላዋል? ደግሞ ከተሳቀብን እኔ ሁለተኛ አልነፋም። ልጆቹም አይነፉም። ዙምባራው በኔ ያልቃል።"

"ክብ ይሆናል" አልኩት።

"ማን ፈቀደ?"

"እኔ።"

አልመሐዲ ሳቀ። "ኡስታዛ የኖራ ሹም ሆነ!"

ሼህ ሐሚድ አልሳቀም። "እንመጣለን" አለ። ስመለስ ከመሄዴ የባሰ ፈራሁ። ስሄድ የሚያስፈራኝ የእኔ ነገር ብቻ ነበር፤ ስመለስ የሱም ተጨመረበት።

ነፊዎቹን ማቅናት እንደማይቻል አምና አይቻለሁ። ለእንግዳው ጀርባ ማሳየትም አይቻልም። ጋሼ ወርቁ በዱላ ያሰመሩት ቅስት ትዝ ያለኝ የዚያን ሰሞን ነው። የማያ ቦታው ሊንቀሳቀስ ይችላል። በዳሱ ላይ ሥልጣን የለኝም፤ ግን ዳስ ሠሪዎቹ ምሰሶ የሚተክሉት እኔ ኖራ ያደረግሁበት ላይ ነው። ልማዱ ነበር። ጠይቀው አያውቁም።

ዳሱ በሚሠራበት ቀን ጠል ሳይደርቅ ሜዳው ላይ ደረስኩ። ችካሉን መሀል ተከልኩ። መጀመሪያ በአጭር ገመድ የነፊዎቹን ክብ አሰመርኩ። ከዚያ ገመዱን አስረዘምኩና ክቡን ከሦስት ወገን የሚያቅፍ፣ በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ቅስት እየዞርኩ ነጥብ ነጥብ አደረግሁ። የክብር እንግዳውን ቦታ ከቅስቱ መሀል ላይ ምልክት አደረግሁበት። አንዱን ነጥብ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ደገምኩት።

የዳስ ሠሪዎቹ አለቃ ጌታሁን እንደ እኔው ሰፋሪ ነው። ነጥቦቹን በዓይኑ ተከተለ።

"እትዬ፣ ዘንድሮ ዳሱ ጎበጠ?"

"ጎበጠ።"

"የታዘዘ ነው?"

"ኖራው አይታይህም?"

"ይታየኛል።"

"እንግዲያ ቆፍር።"

መዶሻና ቁፋሮ ተጀመረ። አቶ ግዛው እንግዶች ለመቀበል አውሮፕላን ማረፊያ ነበሩ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ መንገዱ አያለሁ። ምሰሶ ብቻ እያለ ከደረሱ ሊነቀል ይችላል። አግዳሚው ሲታሰር ትንሽ ተነፈስኩ። ሣሩ ሲለብስ ፍርሃቴ ተለወጠ፤ ከዚህ በኋላ መመለስ አልችልም። አንዴ ሄጄ ጌታሁንን አቁም ልለው ተነሣሁ፤ ግማሽ መንገድ ደርሼ ተመለስኩ።

አቶ ግዛው የደረሱት የመጨረሻው ሣር ሲታሰር ነው። በዳሱ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱ። ለክብር እንግዳው ከተቀመጠው ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ ክቡ አዩ። ቆይተው ተነሡ። ምንም ሳይናገሩኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ክፍት በሆነው በኩል ቆመ። ሼህ ሐሚድ ነፊዎቹን መርቶ ገባና ኖራውን ሲያይ ቆም አለ። ወደ እኔ አልዞረም። ክብ ሠሩ። ለክብር እንግዳው ቅርብ የሆኑት የሁለት ሰዎች ጀርባ ለእሳቸው ሆነ። አቶ ግዛው እንደ አምናው ከማዕዘን ሊቆሙ ፈለጉ፤ ዳሱ ግን ማዕዘን አልነበረውም። አንዱን ምሰሶ ይዘው ቆሙ።

ትልቁ መለከት ነፋ። ሁለተኛው መለሰ። ሦስተኛው በተራው ገባ። ክቡ መዞር ጀመረ። በእንግዳው ፊት ጀርባ አለፈ፤ ከዚያ ፊት፣ ከዚያ ጀርባ። እኔ የማየው እንግዳውን ብቻ ነበር። ፊታቸው አይነበብም። በግራና በቀኝ የተቀመጡት ደግሞ ለእነሱ ጀርባ ሲሆን ለእንግዳው ፊት፣ ለእነሱ ፊት ሲሆን ለእንግዳው ጀርባ ነበር። ለማንም ተለይቶ የተሰጠ ጀርባ አልነበረም። ድምፁ ሲሟላ ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሴት እልል አለች። አምና ሲስቁ ካየኋቸው አንዷ ናት። በገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ ገባች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። የክብር እንግዳው ጫማ መሬቱን መምታት ጀመረ። የኖራዬ ክብ በእግራቸው ሥር ጠፋ።

ዜማው ሲያልቅ ሼህ ሐሚድ መለከቱን ወደ ላይ እንደያዘው ቆየ።

በማግስቱ አቶ ግዛው ቢሮ ጠሩኝ። ደክሟቸዋል።

"አማረ" አሉ። "እንግዳውም አማረ ብለዋል።"

ፊታቸው ያለውን ወረቀት ወደ ጎን ገፉ።

"ግን ጠየቅሽኝ?"

"ብጠይቅዎት ይፈቅዱልኝ ነበር?"

"አልፈቅድም ነበር" አሉ። "ኮሚቴው ዳሱን ማን አጎበጠው ብሎ ጠይቋል። የዘንድሮው አምሯል። ያለ ትእዛዝ የተሠራ ነገር ግን፣ ቢያምርም፣ ለነገው ያስፈራቸዋል። እኔ ነኝ ብል፣ ከእንግዲህ ለሚጎብጠው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ።"

"ሙሉ ናት ይበሉ። እኔ ነኝም።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ባምባሲ መንገድ ላይ ባለ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቦታ ክፍት ነው። እናገርልሻለሁ። ይህን ያህል ነው የምችለው።"

"ዙምባራውስ?"

"ይቆያል።"

"በመስመር?"

"በክብ። ዳሱም እንደ ዘንድሮው ይሠራል፤ ጌታሁንን አዝዣለሁ።"

የልብስ ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የኖራውን ጣሳ አጠገቡ አኖርኩ። ገመዱን ችካሉ ላይ አጥብቄ ጠቅልዬ ከጣሳው ጎን አደረግሁና ወጣሁ።